ከብት ጫኝ መኪና ሲገዙ የሚቆምበትንም ሰዓት ያስሉ

ሲሚንቶ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ባለንብረቱ ጊዜ ያጣል። ሰንጋ የጫነ ሲበላሽ ግን ሥጋውም አብሮ ይቀልጣል። የቁም እንስሳት ነጋዴ አይሱዙን፣ ሲኖትራክንና ኢቬኮን ሲያወዳድር ከመግዣና ከመለዋወጫ ዋጋ ሌላ ሦስተኛ ሂሳብ ያስፈልገዋል፤ መኪናው ከተበላሸ ስንት ሰዓት ይቆማል?

በአንድ አይሱዙ ኤፍኤስአር እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 18 በሬዎች ተጫኑ እንበል። ድምሩ 5,400 ኪሎ ነው። በብልሽት ሳቢያ ያለ ውሃና ያለ መኖ ውለው ከተለመደው የጉዞ ክሳት በላይ 3 በመቶ ቢቀንሱ 162 ኪሎ ይጠፋል። የቁም ክብደት ኪሎው 250 ብር ቢሸጥ ኪሳራው 40,500 ብር ይሆናል። ካሶኒው ውስጥ ወድቀው የሚረገጡት እዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገቡም። መጀመሪያ የሚቀንሰው ውሃና የሆድ ዕቃ ይዘት ስለሆነ ከብቱ ካረፈ ይመለሳል፤ ጊዜው ሲረዝም ግን ከጡንቻውም ይሄዳል። እንደደረሰ ለሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ሁለቱም ኪሳራ ናቸው።

በዚህ መለኪያ የአይሱዙ ብልጫ ከሞተሩ ጥንካሬ ይልቅ በመለመዱ ላይ ነው። ከሞያሌ አዲስ አበባ በሚወስደው 770 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት አይቸግርም። ከድንበሩ ማዶም አይሱዙ ናይሮቢ ውስጥ ይገጣጠማል። ጉዳቱ፣ ገበያው ሰፊ በመሆኑ ተመሳስሎ የተሠራ መለዋወጫም መብዛቱ ነው። በርካሽ የተገዛ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ከከዳ ርካሽነቱ ያበቃል።

ሲኖትራክ ከአውሮፓ ከባድ መኪኖች በመግዣ ዋጋ ይረክሳል። ብዙዎቹ የያዙት ደብሊውዲ 615 ሞተር ከኦስትሪያው ስታየር በተገኘ ፈቃድ ቻይና ውስጥ የተሠራ ነው፤ የለመደው መካኒክም አለ። ነገር ግን የከባድ መኪና ዕቃ በይበልጥ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ብዙ ከብት የጫነ መኪና ሲቆምም ኪሳራው በዚያው ልክ ይበዛል።

ኢቬኮ አዲስ አበባ በሚገኘው አምቼ ሲገጣጠም የኖረ ስም ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት አዳዲስ ሞዴሎቹ ግን፣ እንደ ማንኛውም ዘመናዊ መኪና፣ ብልሽታቸውን ለማወቅ የምርመራ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። አርብቶ አደሩ አካባቢ አሮጌው ላንድክሩዘር የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋንኤችዜድ የተባለው ሞተሩ ያለ ኮምፒውተር ይጠገናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሂሳቡ ከብዷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫም አብሮ ተወዷል፤ ጥገናን የማዘግየትና ተመሳስሎ የተሠራ የመግዛት ፈተናም በርትቷል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት በሚመላለሱበት መስመር ባሉ ሦስት ከተሞች ስለ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና የውሃ ፓምፕ ይጠይቁ፤ ዋጋው ስንት ነው? ዛሬ ይገኛል? ማን ይገጥመዋል? ከግዢ በኋላም ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይክፈቱ። የጥገና ወጪውን፣ ጭነት ይዞ የቆመበትን ሰዓትና በሚዛን ላይ የጎደለውን ኪሎ ይመዝግቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው መኪና እንደሚያዋጣ ከደላላው ይልቅ ደብተሩ ይናገራል።