ተጨማሪ መረጃ፦ የፊልም ማሠልጠኛ ሕንፃ ንድፍ በጋምቤላ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና የተቋማትን ሕንፃዎች፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሁሉ ከሦስተኛው ምድብ ስለ አኖረ፣ በጋምቤላ ከተማ የፊልም ማሠልጠኛ ስቱዲዮ ይቆም ዘንድ ንድፍ ቢቀርብ፣ የከተማው የሕንፃ ሹም መርምሮ ሳያጸድቀው መሠረቱ ሊቆፈር አይገባም።

የምርመራው ፍሬ ነገር ግን ከማኅተሙ ይልቅ በአየሩ ጠባይ ላይ ነው። በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ500 ሜትር ገደማ የተቆረቆረችው ከተማ ጽኑ ቆላ በመሆኗ፣ ነፋስ እንዲገባ ሰፊ መስኮት የሚሻው ነዋሪና ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ እንዲደፈን የሚሻው የቀረጻ ክፍል በአንድ ፕላን ላይ እንደ ሁለት ባላጋራ ይሟገታሉ። መስኮቱ ቢደፈን የአየር ማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ከማይክሮፎኑ ይገባል፤ የክረምት ዝናብ የሚወርድበት ቆርቆሮም፣ ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስና ድምፅ ማፈኛ ካልተበጀለት፣ የተዋናዩን ቃል ፈጽሞ ይውጠዋል። የአካባቢው ነዋሪዎች የሆኑት የአኙዋና የኑዌር ሕዝቦች ሣር ክዳን ቤት ይህንኑ ዝናብ ያለ ጩኸት ይቀበለዋል፤ እሳት ባያሰጋው ኖሮ፣ መሐንዲሱ ክዳኑን እንዳለ በወሰደው ነበር።

ባሮ በክረምት ከአፉ የሚሞላ ወንዝ ነውና፣ መርማሪው የወለሉን ከፍታ፣ የካሜራ ግምጃ ቤቱንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ሥፍራ ጎርፍ ከሚደርስበት ልክ ጋር ያስተያያል።