የሳንጃ መንገድ የማን ነው?

ሳንጃ ላይ መንገድ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ይጠግነው?» የሚል ነው። ከጎንደር ተነስቶ በከተማዋ በኩል ወደ ሁመራ የሚወርደው ዋና መንገድ የፌዴራል ነው። ከታች አርማጭሆ ቀበሌዎች ወደ ከተማዋ የሚገቡት የክልልና የወረዳ ናቸው፤ የሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ጭቃው አንድ ዓይነት ቢሆንም የጥገናው ገንዘብ የሚመጣው ከየራሱ ድርሻ ነው።

የጥገናውን ገንዘብ ክፍፍል የወሰነው የ1989ቱ የመንገድ ፈንድ አዋጅ ቁጥር 66 ያስጀመረው አሠራር ነው። ፈንዱ የተቋቋመው ለጥገና እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም፤ ግንባታው በመንግሥት በጀትና በብድር ይሸፈናል። የፈንዱ ዋና ገቢ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። ሲሠራበት በኖረው ቀመር 70 በመቶው ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶው ለክልል የገጠር መንገዶች፣ 10 በመቶው ለከተሞች ይደርስ ነበር።

ክርክሩም ከዚህ ይነሳል።

የከተሞች ቅሬታ ነዳጁ የሚቃጠለው እኛ ዘንድ ነው የሚል ነው። የአገሪቱ ተሽከርካሪ በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነውና ክፍያውም በአብዛኛው ከከተሜው ኪስ ይወጣል። የገጠሩ ወገን የሚያነሳው ደግሞ የሕዝቡን ብዛት ነው፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ 84 ያህሉ ገጠር ነዋሪ ነበር። ለፌዴራል ድርሻ የሚቆመው መሐንዲስም ምክንያት አያጣም፤ ከባድ መኪናው የሚመላለሰው በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ከተማውም ገጠሩም ተያይዞ ይቆማል።

በግንባታ በኩል ሚዛኑ ወደ ገጠር ያደላው በ2003 ነው። በባለሙያዎች አፍ «ዩራፕ» የሚባለው መርሐ ግብር እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት በአምስት ዓመት 71,523 ኪሎ ሜትር ለመሥራት አቀደ። በ1989 ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች የነበረው የአገሪቱ መንገድ በ2007 ከ110 ሺህ አለፈ። ከተሞች በበኩላቸው የዓለም ባንክ በደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮጀክት ኮብልስቶን አነጠፉ፤ ጎንደርም ከነዚህ አንዷ ናት።

ችግሩ ዩራፕ የሠራውን የሚንከባከበው ማን ነው የሚለው ነው። የጠጠር መንገድ ቦዩ ካልተጠረገ፣ ቱቦው በደለል ከተደፈነ፣ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ውሃው መሀሉን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ ከጠጠሩ ሥር ያለው ዋልካ ሲርስ ጎማ ይውጣል። መንገዱ ሲረዝም ጥገናውም ይበዛል፤ 20 በመቶው ግን ያው 20 በመቶ ሆኖ ኖረ። በ2008 ገደማ የዓለም ባንክ ባሠራው ልኬት፣ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው የገጠር ነዋሪ ከመቶ 22 ያህሉ ብቻ ነበር።

ገጠርና ከተማን በመሥሪያ ቤት መለየትም አንድ መንገድ ነው፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ለገጠር መንገድ አንድ፣ ለከተማ መንገድ ሌላ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። እንደ ሳንጃ ያለችው የወረዳ ከተማ ግን ለዚህ ዓይነቱ የመለያ መስመር አትመችም። ከደጋ ለሰሊጥ አረም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሐምሌ ላይ ከአውቶቡስ የሚወርደው በፌዴራሉ መንገድ ዳር ነው። ጨርቁን ጠቅልሎ የከተማዋን ጭቃ ያቋርጣል፤ እርሻው የሚደርሰው በወረዳው መንገድ ነው፣ ያውም ወንዙ ካልሞላ።