ሁለቱም መንገዶች ወደ ብረት ያመራሉ

ከሞያሌ ከፍታ በታች የተዘረጋውን የጎልቦን ቆላ የሚያግለው ፀሐይ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን አዋሕዶ ሂሊየም ያደርጋል። ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ወደ ጉልበት ተለውጦ ይወጣል። የኒውክለር ማመንጫ ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ ግዙፉን የዩራኒየም ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ይሰነጥቃል። ማዋሐድም መሰንጠቅም ጉልበት የሚሰጠው እንዴት ነው?

መልሱ ያለው ብረት ላይ ነው።

በኒውክለስ ውስጥ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። አንደኛው ፕሮቶኖችንና ኒውትሮኖችን አጥብቆ ይይዛል፤ የሚደርሰው ግን ከጎን ላለው ቅንጣት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ፕሮቶኖችን እርስ በርስ ይገፋፋል፤ ይህኛው ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። ትንንሽ ኒውክለሶች ጎረቤት ስለሚያንሳቸው ሲዋሐዱ እስራቸው ይጠብቃል። ዩራኒየም ውስጥ ደግሞ 92 ፕሮቶኖች ስለሚገፋፉ፣ ሲሰነጠቅ ቁርጥራጮቹ ከቀድሞው የጠበቁ ይሆናሉ። ኒውክለስ እስሩ ሲጠብቅ ጉልበት ይለቃል፤ የለቀቀውን ያህልም ክብደቱ ይቀንሳል። ሂሊየም ከተሠራባቸው አራት ሃይድሮጂኖች 0.7 በመቶ ያህል ይቀላል።

ድንጋይ ከሞያሌ ተዳፋትም ሆነ ከጎልቦ ማዶ ካሉት የሁሪ ኮረብቶች ቢንከባለል ወደ ሜዳው ይወርዳል እንጂ ከሜዳው በራሱ አይወጣም። የኒውክለሶች ሜዳ፣ እስር ከሁሉ የሚጠብቅበት፣ ብረትና ኒኬል አካባቢ ነው። ለእያንዳንዱ ቅንጣት የእስሩ መጠን በሂሊየም 7.1፣ በዩራኒየም 7.6፣ በብረት 8.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ነው። ስለዚህ የሞያሌን ቤቶች ከሸፈነው ቆርቆሮ የተወሰደ የብረት ኒውክለስ ቢዋሐድም ቢሰነጠቅም ትርፍ የለውም። ግዙፍ ኮከቦች እንኳ እምብርታቸው ብረት ሲሆን ነዳጃቸው ያልቅና ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ።

የዩራኒየም መሰንጠቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ፣ ኦቶ ሃን እና ፍሪትዝ ሽትራስማን በርሊን ውስጥ ዩራኒየምን በኒውትሮን መትተው ባሪየም ሲያገኙ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያስረዱት ግን ከናዚዎች ሸሽታ ስዊድን የገባችው ሊዘ ማይትነርና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው፤ ከአንድ ስንጠቃ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት እንደሚወጣ አሰሉ። አንድ ግራም ዩራኒየም 235 ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የድንጋይ ከሰል ያህል ሙቀት ይሰጣል።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የኒውክለር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያ ጋር ሞስኮ ላይ ስትፈርም፣ የታሰበው በመሰንጠቅ የሚሠራው ነው። መሰንጠቅ ይቀላልና፤ ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሌለው የሚገፋው ሳይኖር ዩራኒየም ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጂኖችን ለማቀራረብ ግን ምድር ላይ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ በሌዘር 2.05 ሜጋ ጁል ወደ ነዳጁ መያዣ ልኮ 3.15 አገኘ። ሌዘሮቹ ራሳቸው ግን ከኤሌክትሪክ መስመር 300 ሜጋ ጁል ያህል ወስደዋል።