ማንም ያልተመኘው መሬት

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ታር የሚባል ወንዝ አለ። ስሙ ቅጥራን ማለት ነው። ድሮ ከጥድ ዛፍ የሚነጠረው ቅጥራን በበርሜል እየተሞላ ለመርከብ ሠሪዎች የሚወርደው በዚሁ ወንዝ ስለነበር ነው ይላሉ። ወንዙ ታርቦሮ ከተማ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ዳርቻዎቹ እኩል አይደሉም። በአንደኛው በኩል መሬቱ ከፍ ይላል፤ ታርቦሮ ከ1760 ጀምሮ እዚያ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወዲያኛው በኩል ያለው ግን ዝቅ ያለ፣ ረግረጋማ፣ ወንዙ ሲሞላ ቀድሞ የሚዋጥ ሜዳ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ እዚያ ሜዳ ላይ የወረደ ሰው ፕሪንስቪል ገብቷል።

ከተማዋ ትንሽ ናት። በ2020 ቆጠራ 1,254 ሰው ነበራት፤ የእኛ አገር አንድ የገበያ መንደር ያህል እንኳ አይሆንም። ነገር ግን በአሜሪካ ምድር በጥቁሮች ተመሥርተው በሕግ የከተማነት ቻርተር ካገኙት ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ እንደሆነች ይነገራል። ቻርተሯ የወጣው በ1885 ነው። ብዙ ሰው ይህን ማዕረግ ለፍሎሪዳዋ ኢተንቪል ይሰጣል፤ ኢተንቪል ግን በሁለት ዓመት ታንሳለች። ልዩነቱ ኢተንቪል ዞራ ኒል ሀርስተንን የመሰለች ደራሲ አሳድጋለች፤ ፕሪንስቪል ያሳደገችው አናጢና ልብስ አጣቢ ነው። ዝና ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ያለው ዘንድ ያድራል።

ነገሩ የተጀመረው በ1865 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ የፌዴራሉ ጦር በታርቦሮ አካባቢ ሰፈረ። ከየእርሻው የወጡት ባሮችም ወደ ሰፈሩ ተጠጉ፤ ከጠመንጃው ጥላ ሌላ የሚከለሉበት አልነበራቸውም። አንድ መኮንን ትንሽ ጉብታ ላይ ቆሞ ነጻ ሰዎች መሆናችሁን እወቁ እንዳላቸው የከተማዋ ሰዎች እስከ ዛሬ ይተርካሉ። ቦታውን «ፍሪደም ሂል» አሉት፣ የነጻነት ኮረብታ። በዓይኑ ላየው ሰው ኮረብታ ማለት ይከብዳል፤ ከሜዳው ትንሽ ከፍ ያለ አፈር ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ትንሽ ከፍ ማለትም ብዙ ነው።

ጦሩ ነቅሎ ሲሄድ ሰዎቹ ቀሩ። መሬቱ የነጭ ባለርስቶች ነበር፤ ባለርስቶቹም አላባረሯቸውም። ይህን ደግነት ነው ብዬ አላምንም። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጥጥ አይመችም፤ ከድልድዩ ማዶ ያሉት ቤቶችና እርሻዎች ደግሞ ጉልበት ይፈልጋሉ። ሠራተኛው ጠዋት ተሻግሮ እንዲመጣ፣ ማታ ተሻግሮ እንዲሄድ ከዚህ የተሻለ ስፍራ ከየት ይገኛል? ለነጩ ጥቅም የሌለው መሬት ለጥቁሩ ብቸኛው ክፍት በር ሆነ። የከተማዋ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

በ1870ዎቹ ነዋሪዎቹ ቁራሽ ቁራሽ እያሉ መሬቱን መግዛት ጀመሩ። ወንዶቹ በአናጢነት፣ በአንጥረኝነት፣ በእርሻ ቀን ሥራ ያድራሉ። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፤ የታርቦሮን አንሶላና ሸሚዝ በድልድዩ ያመጣሉ፣ አጥበው ተኩሰው ይመልሳሉ። ከአናጢዎቹ አንዱ ተርነር ፕሪንስ የሚባል ከባርነት የወጣ ሰው ነበር። ለጎረቤቶቹ ቤት ሠራ፤ እነሱም ከተማቸው በሕግ ስትጸና ስሙን ሰጧት። ከጄኔራልና ከገዥ ስም ይልቅ የቤት ሠሪ ስም መምረጣቸው ደስ ይለኛል።

ቻርተር ሲባል ወረቀት ብቻ አይምሰላችሁ። ቻርተር ያላት ከተማ ከንቲባዋን ራሷ ትመርጣለች፣ ግብር ትሰበስባለች፣ ደንብ ታወጣለች፣ ፖሊስ ትቀጥራለች። በ1900 ሰሜን ካሮላይና ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የንባብ ፈተናና የምርጫ ግብር አመጣች፤ ዓላማውም ጥቁሩን ከምርጫ ማስወጣት ነበር። ፈተናው ለነጩ ማምለጫ ቀዳዳ ነበረው፦ ከ1867 በፊት አባቱ ወይም አያቱ ይመርጥ የነበረ ሰው ማንበብ ባይችልም ይመርጣል። የባሪያ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? እንዲህ ባለው ዘመን ከንቲባውም ሹመኛውም ጥቁር የሆነበት ከተማ መያዝ ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ወንዙ ግን ቻርተር አያነብም። 1919፣ 1924፣ 1928፣ 1940፣ 1958፤ የጎርፍ ዓመታቱ ለሽማግሌዎች እንደ ልደት ቀን ነበሩ። ሰዉ ዕቃውን ይዞ ወደ ታርቦሮ ይወጣል፣ ውሃው ሲሸሽ ተመልሶ ጭቃውን ይጠርጋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ጦር ኃይል የምሕንድስና ክፍል በወንዙ ዳር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የአፈር ግድብ ሠራ። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ከተማዋ እንቅልፍ አገኘች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በመስከረም 1999 ዴኒስ የሚባለው ማዕበል ምድሩን አጥግቦ ከሄደ በኋላ ፍሎይድ ተከተለ። ሌሊቱን ሰዎች በግድቡ ላይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ደረደሩ፤ አልሆነም። ከተማዋ ሰጠመች። አንዳንዱ ቦታ ውሃው ከስድስት ሜትር በላይ ነበር፤ የቤት ክዳን ብቻ ይታይ ነበር። ውሃው ከሳምንት በላይ ተኛ። ከሁሉ የከፋው መቃብሩ ነው። በደንብ የታሸገ የሬሳ ሣጥን ውስጡ አየር ስላለው በውሃ በራሰ አፈር ውስጥ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋል። ሣጥኖች ከመቃብር እየወጡ በጎርፉ ላይ ተንሳፈፉ። ሕያዋኑ በመጠለያ ተቀምጠው የሙታናቸውን ማንነት መለየት ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከጎርፉ ይልቅ የከተማዋን ሰዎች አሳይቶኛል። መንግሥት ቤታቸውን በገንዘብ ገዝቶ ሊያነሣቸው እንደሚችል ነገራቸው። በዚህ መንገድ የተገዛ መሬት ለዘለዓለም ባዶ ሜዳ ሆኖ እንዲቀር ሕጉ ያስገድዳል፤ ቤት አይሠራበትም። ለአንድ ቤተሰብ መልካም ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከወጡ ግን ግብር ከፋይ የለም፣ መራጭ የለም፣ ቻርተሩም የማንም አይሆንም። የከተማው ምክር ቤት እኩል ለእኩል ተከፈለ። ከንቲባዋ ዴሊያ ፐርኪንስ ወሳኙን ድምፅ ሰጡ፦ እንቆያለን፣ ግድቡም ይጠገን። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በየካቲት 2000 የከተማዋን መጪ ዕጣ የሚያጠና ምክር ቤት በትእዛዝ አቋቋሙ።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግትርነት ነው፤ በየጊዜው የሚሰጥም ቦታ ላይ ለምን ይኖራሉ? እኔም ጥያቄውን አልንቀውም። ልጅ ያለው ሰው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሚነቃ ገንዘቡን ይዞ ቢሄድ አልፈርድበትም፤ ከተማዋም በዚያ ድምፅ ለሁለት የተሰነጠቀችው ሁለቱም ወገን እውነት ስለነበረው ነው። ሆኖም ቅድመ አያቶቻቸው ሌላ ቦታ ቀርቦላቸው እምቢ ብለው አልነበረም የሰፈሩት፤ የተገኘላቸው ይኸው ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ዝቅተኛው መሬት የተገፋን ሕዝብ፣ መሬቱ ዝቅተኛ ነውና ልቀቅ ማለት ሒሳቡን ከመሃል መጀመር ነው።

በጥቅምት 2016 ማቲው የሚባለው ማዕበል መጣ። በዚህ ጊዜ ውሃው በግድቡ አናት ላይ አልዘለለም። ግድቡ ከተማዋን ዙሪያዋን አይከብም፤ ጫፍ አለው። ታር በጫፉ ዞሮ በጓሮ በኩል ገባ። ቤቶች፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እንደገና ጭቃ ጠጡ። በ2020 መጀመሪያ ግድቡን ለማሻሻል የፌዴራል መንግሥት 39.6 ሚሊዮን ዶላር መመደቡ ተነገረ። ሥራው ግን አፈር ከመከመር በላይ ነው፤ ወንዝን በአንድ በኩል ስታጥረው ውሃው ሌላ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ያ ማደሪያ ደግሞ የጎረቤት ሳሎን ሊሆን ይችላል።

ከማቲው ወዲህ በከተማዋ የሚታየው ለውጥ ቁመት ነው። በድሮው ቤት ከመንገድ ወደ በረንዳ ሁለት ደረጃ ይበቃ ነበር፤ ከፍ ተደርጎ በታነጸው ቤት ግን መሰላል የሚያህል ደረጃ ይወጣል። ጉልበታቸው ለደከመ እናቶች ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ አስቤዛ በእጅ ይዞ፣ የደረጃውን መደገፊያ ጨብጦ፣ መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሽ መሰብሰብ።

ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ከጎርፍ ሜዳው ውጭ ከ50 ኤከር በላይ መሬት ለከተማዋ ተገዛ። ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚያ የሚሠራ ቤት የፕሪንስቪል ቤት ነው፤ ቻርተሩ ሳይቀደድ አብሮ ይሻገራል ማለት ነው። አንዳንዱ ወደዚያ ለመውጣት ይጠብቃል። ሌላው ከግድቡ ሥር፣ አያቱ በገዛው ቁራሽ ላይ፣ ረጅሙን ደረጃ እየወጣና እየወረደ ይኖራል።