ከዘጠኙ የተረፈችው «ቫንያ»

ናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1940 ኖርዌይን ስትወርር ከወራሪው እጅ ውጭ የነበሩት አንድ ሺህ ያህል የኖርዌይ የንግድ መርከቦች፣ መንግሥታቸው ባቋቋመውና ኖርትራሺፕ በተባለው ድርጅት ሥር ተጠቃልለው ለተባባሪ ኃይሎች አገልግሎት ዋሉ። ብሪታንያ ነዳጇን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ታስመጣ ስለነበር፣ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚፈለጉት ነዳጅ ጫኞቹ ነበሩ።

ነዳጅ ጫኞቹ የሚጓዙት በኮንቮይ፣ ማለትም በጦር መርከቦች ታጅበው በቡድን ነበር። እነርሱም አጃቢዎቻቸውን ያገለግሉ ነበር፤ ከኋላቸው ረጅም የጎማ ቱቦ በውሃው ላይ ሲለቁ፣ ተከትሎ የሚመጣው አጃቢ የቱቦውን ጫፍ ይዞ ሁለቱም ሳይቆሙ ነዳጅ ይቀዳል፤ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ግን ይህ እጅግ አዳጋች ነው።

በታኅሣሥ 1942 መጨረሻ ለሰሜን አፍሪካው ጦር ነዳጅ ይዞ ከትሪኒዳድ ወደ ጂብራልታር የተነሣው ቲ.ኤም. 1 የተባለው ኮንቮይ ዘጠኝ ነዳጅ ጫኞች ሲኖሩት፣ አጃቢዎቹ አንድ አጥፊ መርከብና ሦስት ኮርቬት የሚባሉ አነስተኛ የጦር መርከቦች ብቻ ነበሩ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች፣ ውሃ ለውሃ ሄዶ በሚፈነዳው ቶርፔዶ፣ ሰባቱን አጠፏቸው፤ «ኖርቪክ»፣ «ሚኒስተር ቬዴል» እና «አልበርት ኤል. ኤልስወርዝ» የኖርዌይ ነበሩ። ለዚህ ጥፋት ከመርከበኞቹ ይልቅ የአጃቢው ማነስ ሊጠየቅ ይገባል፤ መርከበኞቹ ከእግራቸው ሥር ያለው ጭነት በአንድ ምት ሊቀጣጠል እንደሚችል እያወቁ ከሥራቸው አልተለዩምና። በጥር 14 ቀን 1943 ጂብራልታር የደረሱት የኖርዌይዋ «ቫንያ» እና የብሪታንያዋ «ክሊዮና» ብቻ ናቸው።