ቨርቹዋል ዓለም ለትምህርት፦ መሬቱ የማን ነው?

ሪቨር ሲቲ በተባለች ከተማ በሽታ ገብቷል። ዘመኑ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ይገቡና ነዋሪውን ያነጋግራሉ፣ የሆስፒታሉን መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ከወንዙ ውሃ ቀድተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ትንኝ ይይዛሉ። በሽታው አንድ አይደለም፤ አንዱ በውሃ፣ አንዱ በነፍሳት፣ አንዱ በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። ሦስቱ ተደበላልቀው ስለሚመጡ መልሱን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጦ ማቅረብ አይቻልም። ተማሪው መላምት ያስቀምጣል፣ ይፈትናል፣ የደረሰበትንም ለከተማው ከንቲባ በደብዳቤ ያሳውቃል።

ከተማዋ በምድር ላይ የለችም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ክሪስ ዲድ ይመራ የነበረ ቡድን በኮምፒውተር የሠራት ናት። ቨርቹዋል ዓለም የሚባለው ይኸው ነው፦ ብዙ ሰው፣ እያንዳንዱ አቫታር በሚባል ምስል ተወክሎ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባበት፣ የሚነጋገርበትና ዕቃ የሚያንቀሳቅስበት ሥፍራ። ቪዲዮ የሚያይ ልጅ የተቀረጸለትን ብቻ ያያል፤ እዚህ ግን የት እንደሚሄድና ምን እንደሚነካ የሚወስነው ራሱ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚደረገውን ትልቅ መነጽር ያስባል። ለአብዛኞቹ ግን ተራ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ይበቃሉ።

ችግር የሚመጣው ከብዙዎቹ ቨርቹዋል ዓለማት አንዱን ለክፍል መምረጡ ላይ ነው። ዓይን ቶሎ የሚሄደው ምስሉ ወደሚያምረው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የዓለሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነገ ቢዘጋ፣ ተማሪዎቼ የሠሩት የት ይገባል?

ሥጋቱ ባዶ አይደለም። ሰከንድ ላይፍ የተባለውን ቨርቹዋል ዓለም እንውሰድ። ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ደንበኛው 256 ሜትር በ256 ሜትር የሆነ ደሴት ይይዛል፣ ወርሃዊ ክፍያ ይከፍላል፣ በላዩ ላይ የፈለገውን ይሠራል። በ2006 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ቻርልስ ኔሰን ከልጃቸው ከርብቃ ጋር ሆነው አንድ ኮርስ በከፊል እዚያው ውስጥ አስተማሩ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከታትለው ገቡ፤ ቤተ ሙከራና ሙዚየም ተሠራ። አንዳንዶቹ እውነተኛ ግቢያቸውን ከነአዳራሹ ገልብጠው ሠሩት፤ ሰው መብረር በሚችልበት ዓለም ወንበር ደርድሮ ሌክቸር መስጠት ምን እንደሚጨምር እስካሁን አልገባኝም።

በ2010 መገባደጃ ኩባንያው ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ከቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ እንደሚያቆም አስታወቀ። የአንድ ደሴት ሙሉ ዋጋ በወር 295 ዶላር ነበር። በዚያው ሰሞን ለታዳጊዎች ተለይቶ የነበረውንም ክፍል ዘጋ። ለቀው መውጣት የፈለጉት ደግሞ ደሴቱን እንዳለ በፋይል ይዘው የሚወጡበት መንገድ አልነበረም። በኪራይ ቤት ላይ ሳሎን ቀጥሎ እንደመሥራት ነው፤ ውል ሲቋረጥ ግድግዳው ለባለቤቱ ይቀራል። ቅናሹ በ2013 ተመለሰ፤ እስከዚያ ግን ብዙዎች ወጥተው ነበር።

ከወጡት ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ኦፕንሲሙሌተር ነው። በ2007 የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን አሠራሩ ከሰከንድ ላይፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ፋየርስቶርም በተባለው ያው የመግቢያ ፕሮግራም ሁለቱም ጋ ይገባል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሰርቨሩን ራስህ ታስቀምጠዋለህ፣ ደሴቱንም ከነሕንፃውና ከነዛፉ በአንድ ፋይል ጠቅልለህ ወደ ሌላ ማሽን ትወስደዋለህ። ዋጋው የሚከፈለው በጉልበት ነው፦ ሰርቨር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ተማሪዎቹም ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋቸዋል። ለዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልመክረውም።

በብራውዘር የሚከፈቱትም አሉ። ሞዚላ በ2018 ያወጣው ሀብስ ምንም ሳይጫን ሊንኩን በመንካት ብቻ፣ በስልክም ጭምር የሚገባበት ስለነበር ለመምህር ከሁሉም የቀለለው እሱ ነበር። ሞዚላ በግንቦት 2024 አገልግሎቱን አቆመ። ማይክሮሶፍት የገዛው አልትስፔስ የተባለ ሌላ ቨርቹዋል ዓለምም በመጋቢት 2023 ተዘግቷል። የሁለቱ ዕጣ ግን አንድ አይደለም፤ የሀብስ ኮድ ክፍት ስለነበር ሌሎች ተረክበው አስቀጥለውታል።

ልጆች በደንብ የሚያውቁት ማይንክራፍት የተባለውን በብሎክ የሚሠራ ጨዋታ ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ፈጣሪውን ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2016 ደግሞ ለትምህርት ቤት የተዘጋጀውን ዕትም አወጣ። የኬሚስትሪው ክፍል ግሩም ነው፤ ተማሪው ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ኤሌክትሮን ቆጥሮ እያስገባ ንጥረ ነገር ይሠራል፣ ከዚያ ንጥረ ነገሮቹን አዋሕዶ ውሁድ ያወጣል። ለመምህሩ የተዘጋጁ ትምህርቶችም ሞልተዋል። የሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ተማሪ የማይክሮሶፍት የትምህርት አካውንትና ፈቃድ ነው። አካውንቱ ላላቸው ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ የእኛ ልጆች፣ ሌላ መፈለግ ድካም ነው።

ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት፣ ኮምፒውተሩም ላረጀበት ክፍል ግን ሉዋንቲን አስቀድማለሁ። እስከ 2024 ማይንቴስት ይባል የነበረው ነፃ ሶፍትዌር ነው። እንደ ማይንክራፍት በብሎክ የሚሠራ ሲሆን አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። የመምህሩ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆናል፣ ተማሪዎቹ በክፍሉ ኔትወርክ ይገባሉ፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙንና በውስጡ የሚከፈተውን ጨዋታ ለማውረድ ብቻ ነው።

ለእኛ ተማሪ የሚሆን አንድ ሥራ ልጠቁም። ቤተ ጊዮርጊስን አሠሯቸው። ሌላ ሕንፃ ብሎክ በብሎክ ላይ እየተደረደረ ይወጣል፤ የላሊበላው ግን ድንጋይ እየተነሳ የተገኘ ነው። አንዱ ብሎክ አንድ ሜትር ተብሎ ይያዝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁመት ወደ 12 ሜትር ስለሆነ 12 ብሎክ ወደ ታች ይቆፈራል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ጉድጓድ ያወጣሉ፣ መካከል ላይ የቀረውን አለት ከጣሪያው ጀምረው በመስቀል ቅርጽ ይጠርባሉ፣ ከዚያ ውስጡን ይፈለፍላሉ። መምህሩ አንድ ሕግ ብቻ ያውጣ፦ የተነሳ ድንጋይ አይመለስም። ያኔ የሒሳብ ክፍሉ ስፋትና ይዘት ማስላት ይጀምራል፣ የታሪክ ክፍሉ ጠራቢው ገና ከጣሪያው ሲጀምር ወለሉን እንዴት አስቦ እንደነበር ይከራከራል፣ ዝናብ ቢመጣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ውሃ በየት ይውጣ የሚል ልጅም አይጠፋም። ይህን ፎቶግራፍ አያስተምርም።

ሁሉም ትምህርት ግን እዚህ አይገባም። ለግስ እርባታ ጥቁር ሰሌዳ ይሻላል። የተማሪው ዕድሜም ይታሰብ፤ ሰከንድ ላይፍ በመሠረቱ የአዋቂዎች ሥፍራ ስለሆነ ልጆች ይዞ የሚገባበት አይደለም። እንግዳ ሰው እንዳይገባ በሩን የሚዘጋው መምህሩ መሆን አለበት። የግዕዝ ፊደልም በቻቱና በምልክት ሰሌዳው ላይ በትክክል መውጣቱን ከክፍለ ጊዜው በፊት ጽፎ ማየት ይገባል፤ ሳጥን ሳጥን እየሆነ የሚወጣ አማርኛ ክፍሉን ሳቅ በሳቅ ያደርገዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ነገር ሠርታችሁ አስቀምጡ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጡት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ካልተከፈተ ሌላ ምረጡ።