አበባን ከሥዕል መማር

የአበባን ሥዕል ለመማር የሚሻ ሰው፣ ከአትክልት ቦታ የቀጠፈውን ጽጌረዳ በብርጭቆ ውኃ አድርጎ በፊቱ ከማኖሩ አስቀድሞ፣ ከቀደሙት ሊቃውንት ሠዓልያን ሥራ አንዱን መርጦ በትዕግሥት ቢቀዳ ይበልጥ እንደሚጠቀም አምናለሁ፤ ጽጌረዳዋ መልኳንና ኅብረ ቀለሟን ታሳየዋለች እንጂ ከቀለማቱ የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛውም እንደሚከተል አትነግረውምና፤ እርሱም ገና ቀለሙን ሲበጠብጥ ትጠወልግበታለችና። መቅዳትን እንደ ስርቆት የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን የዜማ ተማሪ ድጓውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ እንደሚያጠና ሁሉ፣ የሥዕል ደቀ መዝሙርም የመምህሩን የእጅ አካሄድ በገዛ እጁ ካልተከተለው አያውቀውም።

በፓሪስ ያለው የሉቭር ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1793 ከተከፈተ ጀምሮ ቀጂዎችን ሲቀበል ኖሯል፤ ዛሬም ፈቃድ ያገኘ ሰው የሥዕል ማቆሚያውን በዋናው ሥዕል ፊት ተክሎ ይሠራል፤ ግልባጩ ከዋናው ጋራ እንዳይምታታ ግን መጠኑን መለየት ግዴታው ነው። ሠዓሊው ሄንሪ ፋንተን ላቱር (1836–1904) በወጣትነቱ በዚያ አዳራሽ የቲሲያኖንና የቬሮኔዘን ሥዕሎች እየቀዳ፣ ግልባጮቹንም እየሸጠ ኖሯል፤ ከሠዓሊው ኤዱዋር ማኔ ጋራ የተዋወቀውም በዚያው ነው። ኋላ በእንግሊዝ አገር ገዢ ያገኘለት ግን የአበባ ሥዕሉ ነበር።

ለጀማሪ የምመርጥለት የሆላንዶችን ሥራ ነው። ራሔል ሩይስ (1664–1750) አባቷ በአምስተርዳም የሥነ ዕፀዋትና የሥነ አካል መምህር ስለ ነበር አበባን በቤቷ አውቃው አደገች፤ ቢሆንም በ15 ዓመቷ ለሠዓሊው ቪለም ቫን አልስት ደቀ መዝሙር ሆና ነው ብሩሽን የተማረችው። የእነዚህን ሠዓልያን ሥራ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ሥዕሉን በመስመር ከፋፍሎ ንድፉን ያወጣል፤ ከዚያ ጥቁሩን መደብና የአበቦቹን ጠቅላላ ብርሃንና ጥላ በደብዛዛ ቀለም ያኖራል፤ ይህ ሲደርቅ ቅጠል በቅጠል፣ ወደ ላይም በወጣ መጠን ዘይቱን እያበዛ ይሠራል፤ ዘይት የበዛበት ቀለም ከሥር ከሆነ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የላይኛው ይሰነጠቃልና። በአበባው ላይ ያለችውን የጤዛ ጠብታ ቀርቦ ቢመረምር ደግሞ፣ ነጯ ነጥብ ብርሃኑ በመጣበት ወገን፣ ጥላውም ከእርሷ አጠገብ በጠብታው ውስጥ፣ ብሩህ የሆነው ክፍል ግን ብርሃኑ ሰንጥቆ በሚወጣበት በማዶው በኩል መሆኑን ያያል፤ ጠብታን በልማድ የሚሥል ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገዋል።

በብዙዎቹ ሥዕሎች ቅጠሎቹ ሰማያዊ ሆነው መታየታቸው ተማሪውን ያስደንቀው ይሆናል። ሠዓልያኑ በሰማያዊው ላይ ስስ ቢጫ እየደረቡ አረንጓዴን ያገኙ ነበር፤ ቢጫው ግን በዘመን ብዛት ከብርሃን የተነሣ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ያየውን እንዳየው ልቅዳ ቢል ነቀፋ የለበትም፤ እኔ ግን በዚህ ስፍራ ሥዕሉን ትቶ ወደ አትክልቱ ወርዶ አንድ የጽጌረዳ ቅጠል ቀጥፎ ይምጣና፣ የጠፋውን ቢጫ በዚያች ቅጠል አረንጓዴ ልክ ስስ አድርጎ ይደርብበት እላለሁ።